ከሴባስቶፖል እስከ ፒክአፕ፦ የወረታ ዳገትና የአዲስ ሞተር ሮዳጅ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ሐሙሲትን ያለፈና የጉማራን ድልድይ የተሻገረ ሹፌር ወረታ ሲደርስ ከሁለት መንገድ አንዱን ይመርጣል። ወደ ጎንደር ከቀጠለ ርብን ተሻግሮ እስከ ይፋግና አዲስ ዘመን ድረስ የሚጠብቀው ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ወደ ደብረ ታቦር ከታጠፈ ግን ብዙ ሳይርቅ መንገዱ ቀና ይላል፤ ዓለም በር አካባቢ ማርሽ መቀነስ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሞተር የሚያርፍበት ቦታ ጥቂት ነው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር ደግሞ 2700 ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

ባዶ መኪና ይህን ዳገት እንደ ዋዛ ይወጣዋል። የጫነ መኪና ድምፁ ይለወጣል። ተሳቢ ያስከተለው ደግሞ በናፍታው፣ በፍሪሲዮኑና በዲፈረንሻሉ ይከፍላል። ክፍያው ከሁሉ የሚብሰው መኪናው አዲስ ሆኖ ሮዳጁን ሳይጨርስ፣ ማለትም ሞተሩና ጥርሶቹ ገና ከሥራ ጋር ሳይላመዱ፣ ተሳቢ ተቀጥሎበት ሽቅብ ሲነዳ ነው።

ነገሩ የቴክኒክ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ገጽ ያልቅ ነበር፤ የአምራቾቹ መመሪያ መጽሐፍም ለሮዳጅ ከግማሽ ገጽ የበለጠ ቦታ አይሰጠውም። በአገራችን ሮዳጅ የሚጣሰው ግን ሹፌሩ ስለማያውቀው አይደለም። ሸክሙ ከመኪናው በፊት ደርሶ ስለሚጠብቀው ነው። በወረታ የሚያልፈውን መንገድ ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ላየው፣ ነገሩ ሞተር ወደዚህ አገር ከመግባቱም በፊት እንዲሁ ነበር።

በዚህ አገር ከተጎተቱ ሸክሞች ሁሉ ስሙ የገነነው ሴባስቶፖል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ባሰፈሯቸው አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያሠሩት ይህ መድፍ ወደ 70 ኩንታል ይመዝን ነበር። ዛሬ በዓለም ገበያ ጉልበታም ከሚባሉት የናፍታ ፒክአፖች ብዙዎቹ፣ የራሱ ፍሬን ያለው ተሳቢ ሲቀጠልላቸው እንዲጎትቱ የሚፈቀድላቸው እስከ 3.5 ቶን ነው፤ የመድፉ ግማሽ መሆኑ ነው። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ከደብረ ታቦር ሲነሡ የነበራቸው ኃይል የሰው ክንድ ብቻ ነበር። መድፉ በጋሪ ላይ ተጭኖ በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች እየተሳበ፣ መንገዱ ፊት ፊቱን እየተጠረገ፣ በጋይንት በኩል አልፎ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ መቅደላ የደረሰው በዚያው ዓመት መጋቢት ነው። ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል።

ስለ ሴባስቶፖል ሲወራ ሁሉም የሚያነሣው መድፉን ነው። እኔን የሚገርመኝ መንገዱ ነው። ቴዎድሮስ ሸክማቸውን ሲያዩ ዳገቱ በቀጥታ እንደማይወጣ ገብቷቸዋል። ስለዚህ ሸለቆዎቹን በጥምዝምዝ መንገድ ሰንጥቀው፣ ቋጥኙን አስፈልጠው፣ ዳገቱን ለሸክሙ እንዲመች አድርገው ነው ያለፉት፤ ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። ከሰሜን የመጣው የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲቃረብ የተጠቀመው በዚሁ መንገድ ነው፤ የእንግሊዝ ጸሐፊዎችም ሥራውን አድንቀው ጽፈውለታል። ሸክምን፣ የሚስበውን ጉልበትና የሚሳብበትን ዳገት አንድ ላይ አስልቶ መነሣት በዚህ አገር ከዚያ ዘመን ጀምሮ የነበረ ዕውቀት ነው። የዛሬው የወረታ–ወልዲያ መንገድም ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ጋይንትን ሲያቋርጥ ያንኑ ደጋ ነው የሚረግጠው።

ሞተር አዲስ አበባ የገባው ከዚያ አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በእንፋሎት የሚሄደውን የሰርኪስ ባቡር አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ለዐፄ ምኒልክ አስመጣ፤ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ቤንትሊ ሲድሊ የተባለችውን አውቶሞቢል ነድቶ አዲስ አበባ ደረሰ። ለፎገራ ሰው ግን ሁለቱም የሩቅ ወሬ ነበሩ። ወደዚህ ሜዳ መኪና በብዛት የመጣው በወረራ ነው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በአኪሌ ስታራቼ የሚመራው፣ በካሚዮን የተጓጓዘው የፋሺስት ጦር ጎንደር ገባ፤ በቀጣዮቹ ሳምንታትም ጣና ዳርቻ ወረደ።

የናፍታ ሞተር ራሱ በዚያን ጊዜ ገና ወጣት ነበር። ሩዶልፍ ዲዝል ሞተሩን ለሥራ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1897 ጀርመን ውስጥ፣ ኦውግስበርግ ላይ ነው። በካሚዮን ላይ መገጠም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሲሆን፣ የጣሊያኑ ፊያት በእኛ አገር ትሬንታ ኳትሮ ተብሎ የሚታወሰውን ከባድ የናፍታ ካሚዮን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። እንግዲህ ኢትዮጵያ የናፍታ ካሚዮንን ያየችው ዓለም ካየው ብዙም ሳትዘገይ ነው፤ ያየችው ግን ጠላት ጭኖበት ሲመጣ ነው።

ሮዳጅ የሚለው ልማድም ከዚያው ዘመን ጋራዥ የመጣ ነው። ያኔ አንድ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ሥራው አላለቀም ነበር። የሲሊንደሩ ግድግዳና ፒስተኑን የሚከብቡት ፋሻዎች በማሽን ቢቆረጡም ፊታቸው ገና ሻካራ ነው። ፋብሪካው የጀመረውን ልስላሴ የሚጨርሰው ሹፌሩ ነበር። በጣሊያን አዲስ መኪና የገዛ ሰው በኋላው መስታወት ላይ መኪናዋ ሮዳጅ ላይ መሆኗን የሚናገር ወረቀት ይለጥፍ ነበር፤ በእንግሊዝም እንዲሁ ከኋላ የሚመጣው ታግሦ እንዲያልፍ የሚለምን ጽሑፍ ይደረግ ነበር። ቀስ ብሎ መንዳት የሚያሳፍር ሳይሆን የሚነገር ነገር ነበር ማለት ነው። ከምጽዋ ወደብ ወርዶ 2300 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለችው አስመራ፣ ከዚያም ወደ ጎንደር የሚሮጥ የጦር ካሚዮን ግን ይህን የመሰለ ትዕግሥት ያገኘ አይመስለኝም። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን ሲሰጥ ካሚዮኖቹም ዕድሜያቸውን ጨርሰው ነበር። ጋራዡ፣ መፍቻውና ሙያው ግን ቀሩ።

ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የጭነት መኪናም ከጦር ሜዳ ወደ ገበያ ዞረ። በመንገዶቻችን ላይ ለረጅም ዘመን የነገሠው ኤንትሬ ነው፤ የፊያት 682 ቤተሰብ። እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው አምቼም የጣሊያን ካሚዮኖችን አዲስ አበባ ላይ መገጣጠም ጀመረ። የኤንትሬ ሹፌሮች ስለ ሞተር ያላቸውን ጥንቃቄ የሚያወሩ ሽማግሌዎች ዛሬም በየጋራዡ አሉ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አይነሡም ነበር። አዲስ ወይም ወርዶ የታደሰ ሞተር እስኪለምድ ድረስ አያስጮኹትም፣ ሙሉ አይጭኑትም፣ ተሳቢውንም አያስከትሉትም ነበር። ከእነዚህ ምክሮች ግማሹ ዛሬ አርጅቷል፤ ግማሹ ደግሞ አንዲት ፊደል ሳትለወጥ በዘመናዊው መመሪያ ውስጥ አለ። የትኛው እንዳረጀና የትኛው እንዳለ መለየት ነው የዛሬው ሹፌር ችግር። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ሸክሙ ወረታ ላይ እንዴት እንደተከመረ ልበል።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ጎበኙ፤ ከማኦ ጋርም ተገናኙ። በዚያን ጊዜ ከተፈረመው የትብብር ስምምነት ፍሬዎች ዋናው ወረታንና ወልዲያን የሚያገናኘው፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መንገድ ነው። ንጉሡ የሥራውን ፍጻሜ ሳያዩ ወረዱ፤ ቻይናውያን መሐንዲሶችና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች በደርግ ዘመን ሠርተው ጨረሱት። በዚህ መንገድ ወረታ በጎንደርና በባሕር ዳር መካከል ያለች መተላለፊያ ከመሆን አልፋ መስቀለኛ ሆነች። ከቀይ ባሕር በኩል በሚሌና በወልዲያ የሚመጣ ጭነት አዲስ አበባን ሳይነካ፣ ጋሸናንና ነፋስ መውጫን አልፎ፣ በጉና ተራራ ትከሻ ላይ ተሻግሮ ወረታ ይወርዳል። ደረቅ ወደቡ ወረታ ላይ መሠራቱም ከዚህ የመጣ ነው። ከነተሳቢው 400 ኩንታል የሚጭነው ከባድ መኪና ዛሬ ለወረታ ልጅ ብርቅ አይደለም።

ሁለተኛው ሸክም ከራሱ ከሜዳው የበቀለ ነው። ፎገራ በጥንት ጊዜ የሚታወቀው በስሙ በሚጠራው ከብቱ ነበር፤ ጉማራና ርብ በክረምት ሞልተው የሚተኙበት ዋልካ መሬት ለእርሻ ያስቸግራል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጅግናና ሻጋ ላይ በነበሩት የገበሬ አምራች ማኅበራት ሩዝ አስጀመሩ። ውኃ የሚተኛበት መሬት ለሩዝ ተስማማ። ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያም በአካባቢው ስም ተጠርቶ ተስፋፋ። ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው እዚሁ ነው፤ በወረታ ከተማም የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ በየሰፈሩ ይሰማል። መከር ሲደርስ አይሱዙው፣ ተሳቢ ጋሪ ያስከተለው ትራክተር፣ ፒክአፑ ሁሉ ይጠራል። በዚያ ሰሞን አዲስ መኪና ገዝቶ የገባ ሰው "ቆይ፣ ሮዳጅ ላይ ናት" ብሎ ጎረቤቱን ሲመልስ ለማየት የሚታደል ጥቂት ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ በፒክአፕ ተሳቢ መጎተት በእኛ አገር እንደ አሜሪካና አውስትራሊያ የተለመደ አይደለም። የእኛ ፒክአፕ ሸክሙን ጀርባው ላይ ይከምራል፤ ባሌስትራው ተገልብጦ እስኪተኛ ድረስ። ነገር ግን ባለ ጎማ መውቂያ ማሽን፣ ጄኔሬተር፣ የውኃ ፓምፕ ወይም አነስተኛ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ማስከተል እየታየ ነው። ጀርባ ላይ ከመጠን በላይ መከመርና ተሳቢ ማስከተል በአዲስ መኪና ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ደግሞ ብዙ አይራራቅም፤ ስለዚህ የሚከተለው ለሁለቱም ነው።

አዲስ የናፍታ ሞተር ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። የሲሊንደሩ ግድግዳ በፋብሪካ ሲቀረጽ ሆን ተብሎ እርስ በርሱ የሚቋረጥ ቀጭን ጭረት ይተውለታል፤ ጭረቱ ዘይት ይይዛል። ፋሻው በዚህ ግድግዳ ላይ ሲመላለስ ሻካራው ጫፍ ይበላል፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ይገጥማሉ፣ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ታች ማምለጫ ያጣል። ፋሻውን ወደ ግድግዳው የሚገፋው የቃጠሎው ግፊት ነው። ስለዚህ ሞተሩ ምንም ሳይሸከም ከዋለ ግፊቱ ያንሳል፤ ፋሻው አይቀመጥም፤ በጭረቱ ላይ የተቃጠለ ዘይት እንደ መስታወት ይለብድበታል። ከዚያ በኋላ ዘይት የሚበላና የሚያጨስ ሞተር ነው የሚኖረው። በተቃራኒው ገና ሳይገጥሙ በሙሉ ጭነት ዳገት ቢወጣ የሚነካኩት ጥቂት ሻካራ ጫፎች ብቻ ስለሆኑ ሙቀቱ ሁሉ እነሱ ላይ ይወድቃል፤ ግድግዳው ይቧጨራል።

ከድሮው ምክር ያረጀው ይኸኛው ክፍል ነው። የኤንትሬ ሹፌር አዲስ ሞተሩን ለሺህ ኪሎ ሜትር እንደ ታማሚ ቢይዘው ልክ ነበር፤ የዛሬው ፋብሪካ ግን የግድግዳውን ሻካራ ጫፍ አብዛኛውን አስቀድሞ ይቆርጠዋል። ለዘመናዊ ሞተር ከመጠን ያለፈ ልስላሴም ጥፋት ነው። መኪናዋን አስነሥቶ በር ላይ ለሰዓት ማስጮኽ፣ በከፍተኛ ማርሽ እያንገራገሩ መንዳት፣ ከባሕር ዳር እስከ አዲስ ዘመን በአንድ ፍጥነት ረግጦ መሄድ፣ ሦስቱም አይጠቅሙም። የሚጠቅመው ፍጥነትን እየለዋወጡ መንዳት፣ ለአጭር ጊዜ ጠንከር አድርጎ መርገጥ፣ ከዚያ መልቀቅ ነው። ጥቂት ኩንታል ጭኖ መንዳት በናፍታ ሞተር ላይ ከባዶ መንዳት የተሻለ ነው ብል የሚቃወመኝ መካኒክ ያለ አይመስለኝም።

ያላረጀው ምክር ተሳቢውን የሚመለከተው ነው። ቶዮታ በመመሪያው ለመጀመሪያዎቹ 300 ኪሎ ሜትር ድንገተኛ ፍሬን እንዳይያዝ፣ ለመጀመሪያዎቹ 800 ኪሎ ሜትር ተሳቢ እንዳይጎተት፣ ለመጀመሪያዎቹ 1000 ኪሎ ሜትር በጣም እንዳይፈጠንና በዝቅተኛ ማርሽ ያለማቋረጥ እንዳይነዳ ያዝዛል። የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስም ከተሳቢ በፊት 800 ኪሎ ሜትር ይላል፤ ጨምሮም ተሳቢው ከተቀጠለ በኋላ ላሉት የመጀመሪያ 800 ኪሎ ሜትሮች ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳይበልጥና ሙሉ ረግጦ እንዳይነሣ ይከለክላል። ፎርድ ደግሞ 1600 ኪሎ ሜትር ይጠይቃል። ሞተሩ ከዲዝል ዘመን ወዲህ ይህን ያህል ተሻሽሎ እገዳው ያልተነሣው ለምንድን ነው?

መልሱ ከሞተሩ ኋላ ነው ያለው። ዲፈረንሻል ውስጥ ያሉት ሁለት ጥርሶች በመሽከርከር ብቻ ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ በመንሸራተት ጭምር ነው የሚሠሩት። አዲስ ሲሆኑ የሚነካኩበት ፊት ጠባብ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ መቶዎች ኪሎ ሜትር ፊቱ እየሰፋ ይለሰልሳል፤ በዚያ ጊዜ ዘይቱ ከወትሮው በላይ ይሞቃል። በዚህ ላይ ሁለት ቶን ተሳቢ አስከትሎ ዳገት መውጣት ጥርሱን ያቃጥለዋል፤ ድምፁ የሚሰማው ግን ወዲያው ሳይሆን ከብዙ ወር በኋላ ነው። ባለንብረቱም የዚያን ቀን ጥፋት ከዛሬው ጩኸት ጋር አያገናኘውም፤ ዕቃውን ይሰድባል፣ "ኦሪጂናል አይደለም" ይላል። የፍሬን ሸራም እንዲሁ ነው፤ አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪገጥም ሙሉ ጉልበት የለውም። ፍሪሲዮኑ፣ ጎማው፣ የሞዞ ኩሽኔታው ሁሉ የየራሱ መላመጃ አለው። ሞተሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ አምራቾቹ እገዳውን ከብዙ ዘመን በፊት ያነሡት ነበር።

ቁልቁለቱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ተሳቢ አስከትሎ የሚወርድ ፒክአፕ ላይ የሚገፋው ተሳቢው ነው። የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ሁሉንም ሥራ ለፒክአፑ ሸራ ይተውለታል፤ ሸራው ደግሞ አዲስ ከሆነ ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ፍሬኑ ይሰምጣል። በወጡበት ማርሽ መውረድ የሚለው የድሮ ሹፌሮች ሕግ ዛሬም ከማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ከፍታውንም መርሳት አይገባም። የአምራቾቹ መጽሐፍ የተጻፈው ከ1800 ሜትር ለሚነሣ ሰው አይደለም። ወረታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው፤ ከ3000 ሜትር በላይ ባለችው ነፋስ መውጫ ሰባት አስረኛ ይሆናል። ተርቦ ያለው ሞተር የጎደለውን አየር እያመቀ ይሞላል፤ ለዚህ ግን ተርቦው በፍጥነት ይዞራል፣ ይግላል። ስለዚህ ከዳገት ወጥቶ እንደቆሙ ሞተር ማጥፋት ሳይሆን ለሁለትና ሦስት ደቂቃ ቀስ ብሎ እንዲዞር መተው ያሻል። የመኪናው መጽሐፍ 3.5 ቶን ይጎትታል ቢል፣ በጉና ትከሻ ላይ ያንን ቁጥር እንዳለ ማመን ድፍረት ነው።

አሁን ሂሳቡን ከመንገዱ ጋር እናገናኘው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ወረታ ለመድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመካከሉ የዓባይ በረሃ አለ፤ ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ድልድዩ ድረስ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል፣ ከዚያ ደጀን ድረስ መልሶ ሽቅብ። አዲስ ፒክአፕ ባዶውን ወይም በቀላል ጭነት ይህን መንገድ ፍጥነት እየለዋወጠ ከመጣ፣ በረሃውንም በዝቅተኛ ማርሽ ፍሬን ሳያቃጥል ከወረደ፣ ወረታ ሲገባ ከ800ው ኪሎ ሜትር ሦስት አራተኛውን ጨርሷል። የሚቀረው ወረታ–ባሕር ዳር ደርሶ መልስ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ዙር 110 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናልና። የሐሙሲት ከፍታና የጉማራ ዝቅታ እያፈራረቁ ሞተሩን በልኩ ያሠሩታል። ፎገራ ለሮዳጅ የተፈጠረ ቦታ ነው ብል አላጋነንኩም፤ አንድ ነገር ካልሆነ በቀር፦ ከአስፋልት ወጥቶ ዋልካ ውስጥ መግባት። ጭቃ ውስጥ በአንደኛ ማርሽ የሚታገል አዲስ መኪና ተሳቢ ከሚጎትተው አይሻልም።

ብዙዎች ግን ይህን መንገድ በተቃራኒው ነው የሚጠቀሙበት። መኪናዋ አዲስ አበባ ላይ ስትገዛ "ባዶ ከምትሄድ" ተብሎ ሲሚንቶ ወይም ቆርቆሮ ይጫንባታል። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። መኪና በአገራችን ውድ ነው፤ ብዙው በብድር ነው የሚገዛው፤ የባንኩ ወለድ መኪናዋ ከመንቀሳቀሷ በፊት መቁጠር ይጀምራል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለ ሞተር ሁሉ ዋጋው ጨምሯል። ባለንብረቱ ለመቸኮል ምክንያት አለው። ችኮላው የሚያስወጣው ወጪ ግን ከሁለት ቀን የጭነት ገቢ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ፋሻ ለማስቀየር ሞተር ያስወረደ ሁሉ ያውቀዋል።

ያ ሰው ሌላም ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ታድሶ የተገጠመ ሞተር አዲስ ሞተር ነው። በአገራችን ከአንደኛ ሮዳጅ ይልቅ ሁለተኛና ሦስተኛ ሮዳጅ ይበዛል፤ መኪናው ሃያና ሠላሳ ዓመት ይነዳልና። ሲሊንደሩ በአገር ውስጥ ማሽን ሲቆረጥ የሚተወው ጭረት ከፋብሪካው ይልቅ ሻካራ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ የኤንትሬ ሹፌሮች ጥንቃቄ አላረጀም። ታድሶ በወጣ በማግስቱ ሩዝ ጭኖ ወደ ወልዲያ የሚላክ አይሱዙ የእድሳቱን ገንዘብ ዳገት ላይ ይጥለዋል። የመጀመሪያው ዘይትም ቶሎ ይቀየር፤ ከፋሻውና ከግድግዳው የተበላው ብረት በውስጡ ነው ያለው። የናፍታ ማጣሪያውም አብሮ ይታይ፤ በተለይ ናፍታ ጠፍቶ በጀሪካን የተገዛ ከሆነ፣ ውኃና ቆሻሻ የአዲስ ሞተር ኢንጀክተር ጠላት ነውና።

ተሳቢው ሲቀጠልም በአንድ ጊዜ ሙሉ ጭነት አይደረግ። በግማሽ ጭነት፣ በሜዳው፣ ወደ አዲስ ዘመን በኩል ይጀመር። ከተሳቢው ክብደት አንድ አስረኛው ያህል መንጠቆው ላይ እንዲያርፍ ጭነቱ ወደ ፊት ይደላደል፤ ወደ ኋላ የተከመረ ተሳቢ ፒክአፑን ከኋላ አንሥቶ ያወዛውዘዋል። በየመቆሚያው የሞዞውን ሙቀት በእጅ መዳሰስ፣ የመንጠቆውን ብሎን ማየት የረዳት ሥራ ነው።

አዲስ ወይም የታደሰ መኪና የምትገዙ ባለንብረቶች፣ የመግዣውን ዋጋ ስትተምኑ ከኢንሹራንሱና ከሰሌዳው ጎን የሁለት ቀን የሹፌር አበልና የአንድ በርሜል ናፍታ ለሮዳጅ ጨምሩበት። ሹፌሩንም ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳ፣ በምን መንገድ እንደነዳ፣ የመጀመሪያውን ዘይት መቼ እንደቀየረ። ሦስቱን ሳይመልስላችሁ ተሳቢ አታስቀጥሉት።